ጉልበት አበዳሪው ብስክሌት፦ የ1,180 ኪሎ ሜትር ማስታወሻ

0 ኪሎ ሜትር

ቤቴ ሁለት ብስክሌት አለ። አንዷ የአስፋልት ናት፤ ቀጭን ጎማ ያላት፣ ቀላል። ሁለተኛዋ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ናት። ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር አላት፤ ሞተር የላትም። ዛሬ ሦስተኛው ገባ። ኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ነው፣ ሃርድቴይል የሚሉት ዓይነት። ፊቱ አሞርዛተር አለው፣ ኋላው ደረቅ ነው። የኋላ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ወሬው በቀጥታ ኮርቻው ላይ ይደርሳል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይሄ አንዱ ሁለቱን ይተካል ወይ? ከተካ ሁለቱን እሸጣለሁ። ካልተካ እሱን።

ማስታወሻውን በቀን ሳይሆን በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው የምከፋፍለው። ዝናብ ይዞኝ ቤት የዋልኩበት ቀን ስለ ብስክሌቱ ምንም አይነግረኝም።

መጀመሪያ ሚዛን። ተሸክሜው ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ከዚያ የራሴን ክብደት ቀነስኩ። 22.8 ኪሎ። አሮጌዋ 14 ናት። ትርፉ ክብደት ሞተሩና ባትሪው ብቻ አይደለም። እነሱን የሚሸከም ወፍራም ፍሬም፣ ጠንካራ ቸርኬ፣ ወፍራም ጎማም አለበት።

ሞተሩ የተቀመጠው ሁለቱ ፔዳሎች መሃል ነው። 250 ዋት፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ 70 ኒውተን ሜትር። ባትሪው 36 ቮልት፣ 14 አምፒር-ሰዓት። ሁለቱ ሲባዙ 504 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ባትሪ ስታወዳድሩ አምፒሩን ብቻ አትዩ። ነዳጁ ያለው ብዜቱ ውስጥ ነው።

ሳልነዳው ግማሽ ቀን አለፈ። የፊት አሞርዛተሩ የሚሠራው በአየር ነው። ዘንጉ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቀለበት አለች። እሷን ወደ ታች ገፍቼ አስጠጋሁ፤ እንደምነዳው ቦርሳዬን አዝዬ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ቀለበቷ የቆመችበት ቦታ በክብደቴ ብቻ ምን ያህል እንደሰመጠ ይናገራል። 120 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ አሞርዛተር ሩቡን፣ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሰምጥ ጥሩ ነው። የኔ 18 ላይ ቆመ። አየር ቀነስኩ። እንደገና ለካሁ። አራተኛው ሙከራ ላይ 29 ሆነ። ይበቃል፣ ወርቅ እየመዘንኩ አይደለም።

4 ኪሎ ሜትር

የዛሬው መንዳት ለፍሬን ነው። አዲስ ዲስክና አዲስ የፍሬን ሸራ ገና አልተዋወቁም። ጭር ያለ መንገድ ላይ በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር መፍጠን፣ ጎማው ሳይቆለፍ አጥብቆ መያዝ፣ ደግሞ መፍጠን፣ ደግሞ መያዝ። 20 ጊዜ ለፊቱ፣ 20 ጊዜ ለኋላው። አሰልቺ ነው። ግን አሥራ አምስተኛው አካባቢ ለውጡ ጣት ላይ ይታወቃል። ሲያንሸራትት የነበረው ፍሬን መንከስ ይጀምራል።

አንድ ውርደትም ይመዝገብ። ቆሜ አንድ እግሬን ፔዳል ላይ አሳረፍኩ። ይሄ ሞተር የሚታዘዘው በቶርክ ሴንሰር ነው፤ እግር ፔዳሉን ምን ያህል እንደተጫነው እየለካ ያግዛል። እኔ እግሬን ማሳረፌ ነበር። እሱ «እንሂድ» ያልኩት መሰለው። ከሥሬ ሾልኮ ሄደ። ከእንግዲህ ስወጣም ስወርድም የኋላ ፍሬን ተይዞ ነው።

41 ኪሎ ሜትር

አስፋልት፣ ሜዳ፣ ነፋስ የለም። እስከ 25 ድረስ ደስ ይላል። ከዚያ በላይ ሞተሩ ይለቃል። በአውሮፓ ሕብረት ደንብ የዚህ ዓይነት ብስክሌት እገዛ 25 ላይ መቆም አለበት፤ የኔም የተሠራው በዚያው ልክ ነው።

መቆሙን አልቃወምም። ሲቆም የሚያስረክበኝን ነው የማልወደው። 22.8 ኪሎ ከነጥርሳም ጎማው በአንድ ጊዜ እግሬ ላይ ይወድቃል። ሰው ከኋላ ኮርቻውን የያዘብኝ ነው የመሰለኝ። ደግሞ አየሩም አለ። አየርን ለመሰንጠቅ የሚፈለገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ፣ ከ25 ወደ 30 ለመድረስ ለአየሩ ብቻ 70 በመቶ ግድም ተጨማሪ ይጠይቃል። በአስፋልቷ ብስክሌት 29 እና 30 ላይ ሳላስበው እሄዳለሁ። በዚህኛው 27 ላይ ትንሽ ታገልኩና ወደ 24 ተመለስኩ። እዚያ ሞተሩ አለ።

ዳገት ስጀምር ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሁልጊዜ ምላሴ የሚወጣበት ዳገት ላይ በመካከለኛ እገዛ 19 ላይ ወጣሁ። አፌን ዘግቼ።

97 ኪሎ ሜትር

የመጀመሪያው የኮረብታ ቀን። መንገዱ 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ ድምር ዳገቱ 620 ሜትር። አፈር አለ፣ የዛፍ ሥር አለ፣ ልቅ ድንጋይ አለ።

ስሄድ ግምቴ ግልጽ ነበር። ዳገቱን ሞተሩ ይጨርሰዋል፣ ቁልቁለቱ ላይ ደረቅ ኋላው ያንገላታኛል። ቁልቁለቱ ላይ እንዳሰብኩት አልከፋም። ክብደቱ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ መሬት ይዞ ይወርዳል። ተነስቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ብስክሌቱ ከሥሬ እንደፈለገ እንዲዘል ለቀቅኩት። ችግር የሚመጣው ግንድ ለመዝለል ፊቱን ላነሳ ስል ነው። አሮጌዋን በእጄ አንጓ ብቻ አነሳታለሁ። ይሄ ወገብ ይፈልጋል።

አብሮት የመጣው ፔዳል ፕላስቲክ ነው፣ ያንሸራትታል። አንድ ጊዜ እግሬ አመለጠና ቅልጥሜን ላጠኝ። ይቀየራል።

ማታ የታችኛው ጀርባዬ ታመመ። ኮርቻው ነው ብዬ ጻፍኩ።

160 ኪሎ ሜትር

ባትሪ። «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይሄንን ነው። ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው።

ሜዳ አስፋልት ላይ፣ በመካከለኛ እገዛ፣ ለ25 ኪሎ ሜትር 34 በመቶ ባትሪ በላ። በኪሎ ሜትር 7 ዋት-ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። ኮረብታው ላይ ለ18 ኪሎ ሜትር 45 በመቶ። በኪሎ ሜትር ከ12 በላይ። በኪሎ ሜትር ብቻ ከቆጠርነው ሁለት የተለያዩ ባትሪዎች ነው የሚመስሉት።

ስለዚህ ከፍታውን ቆጠርኩ። እኔና ብስክሌቱ ተደምረን 98 ኪሎ ነን። 98 ኪሎን 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 27 ዋት-ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፣ በማንም ሞተር በማንም እግር። ከዚያ ላይ የኔ እግር ድርሻውን ይከፍላል፤ ሞተሩም ከባትሪው የወሰደውን ሁሉ ወደ ጎማው አያደርስም፣ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሁለቱ ተቻችለው ሲመጡ፣ በኔ አነዳድ ለ100 ሜትር ከፍታ 5 በመቶ ግድም ይወጣል። ከዚህ በኋላ መንገድ ስመርጥ የማየው የከፍታውን ድምር ነው። እስካሁን አላሳፈረኝም።

ቻርጁ በ4 አምፒር ቻርጀር ከባዶ እስከ ሙሉ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የመጨረሻው ክፍል ይዘገያል፤ የሊትየም ባትሪ ጠባይ ነው። ብዙ ቀን የማልነዳው ከሆነ ግማሽ አካባቢ ትቼው ነው የማስቀምጠው። ሙሉ ሆኖ መቆም ያስረጀዋል።

185 ኪሎ ሜትር

ትንሽ ሙከራ። ያው የ25 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ያው እገዛ። ባለፈው የጎማው አየር ግፊት 1.5 ባር ነበር፤ አሁን 2.5 አደረግኩት። 34 በመቶ የነበረው 30 ሆነ። ነፋሱ ትንሽ ስለተለየ በዚህ ቁጥር አልምልም። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው። ክፋቱ፣ በ2.5 ባር ወደ አፈር ስገባ ብስክሌቱ እንደ ኳስ ነጠረ። አስፋልቱ የሚወደው አየር ኮረብታው የሚጠላው ነው። የእጅ ፖምፓ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ።

214 ኪሎ ሜትር

ጎማ ፈነዳ። የኋላው። ደግሞ ቁልቁለት ላይ ቢሆን አይገርመኝም ነበር፤ ዳገት ላይ ነው።

ሹል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወጣሁበት። ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተቆነጠጠ። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ እባብ የነደፈው ይመስል።

ብስክሌት ሲፈነዳ ገልብጠን በኮርቻና በመሪ ማቆም ለምደናል። ይሄን አትገልብጡት። መሪው ላይ ስክሪን አለ፣ በ22.8 ኪሎ ይሰበራል። ካቴናው በሌለበት በግራ ጎኑ አስተኛሁት። ሞተሩን አጠፋሁ። ጎማውን አውጥቼ፣ ከመነዳሪ ቀይሬ፣ መልሼ ገጠምኩ። ስነሳ ስክሪኑ ስህተት ጻፈ፤ እገዛ የለም። አሥር ደቂቃ ሞተሩን ስረግም ቆየሁ። ሞተሩ ምንም አላደረገም። የፍጥነት ሴንሰሩ የሚያነባት ትንሽ ማግኔት የኋላው ጎማ ራጅ ላይ ታስራለች። ስታገል እኔው ገፍቻት ከቦታዋ ተንሸራትታለች። ወደ ሴንሰሩ አስጠጋኋት፣ ሞተሩ ነቃ።

በሳምንቱ ከመነዳሪውን አወጣሁና ቲዩብለስ አደረግኩት፤ ውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ አለ። ፊቱ 1.5፣ ኋላው 1.8 ባር። ፈሳሹ በየጥቂት ወሩ ስለሚደርቅ መጨመር አለበት።

330 ኪሎ ሜትር

ድምፅ አለ። «ቋ»። ልቅ ድንጋይ ላይ በተለይ። ሁልጊዜ አይደለም። ድምፅ አንዴ ጆሮ ውስጥ ከገባ ሌላ ነገር አያስሰማም።

የፊት ፍሬን ይዤ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ነቀነቅኩት፣ እጄን መሪው አንገት ላይ አድርጌ። ኩሽኔታው ከላላ እዚያ ይታወቃል። ጸጥ። የመሪው ቡሎኖች ጠብቀዋል። ፍሬሙ ውስጥ የሚያልፉትን ገመዶች ጎትቼ አየሁ። ጸጥ። ኮርቻውን አውልቄ ግራሶ ቀባሁ። ለሁለት ቀን ደስ አለኝ። ከዚያ «ቋ»።

352 ኪሎ ሜትር

ተገኘ። የፊት ጎማውን አንድ ጋት ያህል አንስቼ መሬት ላይ ለቀቅኩት። ቋ። ባትሪውን አወጣሁ። እንደገና ለቀቅኩት። ምንም።

ባትሪው መቆለፊያው ላይ ለዓይን የማይታይ ክፍተት አለው፤ በየድንጋዩ ይዘላል። ድምፁ ቢቀርም መዝለሉ ለኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ጥሩ አይደለም። የመቆለፊያውን ሳህን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብቼ አጠበቅኩ። ሥሩ ላይ ከተቀደደው ከመነዳሪ ቆርጬ አንዲት ቁራጭ ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል። የዚህ ሁሉ ማስታወሻ ርካሹ ጥገና ይሄ ነው።

480 ኪሎ ሜትር

ጀርባዬ አሁንም ያመኛል። ኮርቻ ቀይሬአለሁ። ከፍታውንም አስተካክያለሁ፤ ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ እግር ቀጥ ሲል ልኩ ነው። አልተለወጠም።

ዛሬ ጓደኛዬ ከኋላዬ ነበር፣ ሞተር በሌለው ብስክሌት። ዳገቱ ላይ ትቼው ሄድኩ፣ ጫፍ ላይ ጠበቅኩት። ሲደርስ እስኪተነፍስ ታገስኩ።

«ይሄ ብስክሌት ሳይሆን ሞተር ሳይክል ነው» አለ።

«ፔዳል ካልመታህ አይሄድም እኮ።»

«እሱን ተወው። አንተ ለምንድን ነው የማትነሳው?»

«የት?»

«ዳገቱ ላይ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠህ ነው የወጣኸው። ሥሩን ሁሉ በመቀመጫህ ነው የምትቆጥረው።»

ዝም አልኩ። እውነቱን ነው።

495 ኪሎ ሜትር

ሄጄ ለካሁ። አንድ ዳገት፣ 3.4 ኪሎ ሜትር፣ 310 ሜትር ከፍታ። መጀመሪያ በአሮጌዋ፤ 29 ደቂቃ፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር። በነጋታው በኤሌክትሪኩ፤ 14 ደቂቃ ተኩል፣ በሰዓት 14።

ፈልጌ ያጣሁት ነገር እዚህ ውስጥ ነበር። ሞተር የሌለው ሃርድቴይል ዳገት ላይ የኋላ አሞርዛተር አያምረውም። በ7 ኪሎ ሜትር የዛፍ ሥር ስትወጣ ጎማው ይሳባል እንጂ አይመታም። ደግሞ ዳገቱ ሲከብድ ሳታስበው ትነሳለህ። ሞተሩ ሁለቱንም ቀየረ። ፍጥነቱን እጥፍ አደረገው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ለመነሳትም ምክንያት አሳጣኝ። ተመቻችቼ ተቀምጬ፣ ሜዳ ላይ በምሄድበት ፍጥነት ዳገት ላይ ሥርና ድንጋይ እየመታሁ ነው የምወጣው። ጎማውም የፈነዳው ጀርባዬም የታመመው በዚሁ ነው። ሃርድቴይል የሚጎዳው ቁልቁለት ላይ ነው የሚባለው ሞተር ለሌለው ነው። ሞተር ሲገባበት ዳገቱም ቁልቁለት ሆኖ ይቆጠራል።

የኋላው አሞርዛተር ጉልበቴ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያበድራል፣ ወለዱን ከጉልበት ይቀበላል።

520 ኪሎ ሜትር

ሦስት ለውጥ። የኋላው ጎማ ስፋቱ 2.6 ኢንች ሆነ፤ ፍሬሙ መሃል ቦታ መኖሩን ለክቼ ነው፣ ሁሉም ፍሬም አያስገባም። መሃሉ ላይ ጥርሱ የተቀራረበ ዓይነት ስለሆነ አስፋልት ላይም ጩኸቱ ቀንሷል። አየሩ ወደ 1.6 ወረደ። ሥር የበዛበት ዳገት ላይ ከመካከለኛ ወደ ዝቅተኛ እገዛ እወርዳለሁ፣ ከኮርቻው አንድ ጣት ከፍ እላለሁ። በዚህ ያው ዳገት 18 ደቂቃ ይፈጃል። ጀርባዬ ስለ ሦስት ደቂቃ ተኩሉ አላማረረም።

760 ኪሎ ሜትር

ጭቃ። አጣጠብ፦ ባልዲ፣ ብሩሽ፣ ቀስ ያለ ውሃ። በኃይል የሚረጭ ውሃ ኩሽኔታና ሞተር ውስጥ ይገባል። ባትሪው የሚመለሰው መገናኛው ከደረቀ በኋላ ነው። ሌላ የሚባል የለም።

905 ኪሎ ሜትር

ካቴናው ጮኸብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከባድ ማርሽ ላይ ሆኜ ድንገት ዳገት ገባሁ፤ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን እየሰጠ ሳለ ማርሽ ቀየርኩ። ፔዳሉ መሃል ያለ ሞተር የሚጎትተው በዚያው በካቴናው ነው። የኔ እግር ላይ የሱ ሲጨመር፣ ለአንድ ሰው እግር የለመደ ካቴና ሁለት ሰው ይሸከማል። «ካካካ» ብሎ ገባ፤ አልተበጠሰም።

መላው ቀላል ነው፣ ልማድ ይፈልጋል እንጂ። ማርሹን ቀድሞ ማቅለል። በምትቀይርበት ቅጽበት ለግማሽ ዙር ፔዳሉን ማላላት። ሞተሩም የሚወደው እግር በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር ሲመታ ነው፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለህ ስትረግጠው ያቃስታል፣ ባትሪም ይበላል።

ቤት ገብቼ ካቴናውን ለካሁ። ማስመሪያ ይበቃል። የአዲስ ካቴና 24 መገጣጠሚያ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። በግማሽ በመቶ ረዝሞ 306.3 ሲደርስ መቀየር አለበት፣ አለዚያ የኋላውን ጥርስ ሁሉ ይዞ ይሞታል። የኔ 305.5 ሆኗል። ከግማሽ ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው።

1,180 ኪሎ ሜትር

ካቴናው 306 ሆነ። አዲሱ መጥቷል።

ጥያቄውም መልስ አግኝቷል፣ ግን እንዳሰብኩት አይደለም። አስፋልቱን በቀላሉ ይረከባል፣ ኮረብታው ላይ ግን አሮጌዋን አይተካትም ብዬ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። አስፋልት ላይ ዕቃ ስይዝ፣ ወይ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ወይ ላብ ሳይዘኝ መድረስ ስፈልግ ይሄን አወጣለሁ። ለመንዳት ብዬ ስወጣ ግን እጄ ወደ ቀጭኗ ነው የሚሄደው። 25 ላይ ያለው ግድግዳ ከኔ ጋር አልታረቀም። ጎማ ቀየርኩ፣ አየር ቀየርኩ፣ ግድግዳው እዚያው ነው።

ኮረብታው ላይ ደግሞ ለ1,180 ኪሎ ሜትሩ ሙሉ አሮጌዋን ያወጣኋት ሁለቴ ነው። አንዱም ለሙከራ። ቁልቁለት ላይ ከዚህኛው እንደምትሻል አውቃለሁ። ግን በሷ አንድ ጊዜ ወጥቼ አንድ ጊዜ እወርድ ነበር፤ በዚህኛው ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ እወርዳለሁ። የሚወረደው ከወጡ በኋላ ነው።

ስለዚህ የምትሸጠው አሮጌዋ ናት። የሚገዛት ሰው ነገ ይመጣል። ዛሬ አጠብኳት፣ ካቴናዋን ዘይት ቀባሁ፣ የኋላ አሞርዛተሯን አየር ሞላሁ። ፔዳሎቿን ግን ፈታኋቸው። የብረት ናቸው፣ ጫማ የሚነክስ ጥርስ አላቸው፤ ለመነሳት የሚያስተማምኑ። የፕላስቲኮቹን ለሷ ገጠምኩላት፣ ለገዢውም በስልክ ነገርኩት።